ዚን ብሎክሊስት በድንገት ሁሉንም ኢሜይል መመለስ ጀመረ፤ ስፓምን በዲኤንኤስ ዝርዝር የምታጣሩ እንዴት ነው የምትሠሩት?

ፋና_ሜይል

ሰላም ለሁላችሁ። የአንድ አነስተኛ ድርጅት ሜይል ሰርቨር ተረክቤ አስተዳድራለሁ። ደብዳቤ የሚቀበለውና የሚልከው ፖስትፊክስ፣ ለሠራተኞቹ ሳጥናቸውን የሚከፍተው ዶቭኮት ነው። ስፓሙ በዝቶ ሠራተኞቹ ቁም ነገር ያለውን ደብዳቤ ከቆሻሻው መለየት ሲያቅታቸው የስፓምሃውስን ዚን፣ ማለትም ደብዳቤ ሊቀበሏቸው የማይገቡ አይፒዎችን የያዘውን በዲኤንኤስ የሚጠየቅ ዝርዝር፣ በፖስትፊክስ ማጣሪያ ላይ ጨመርኩበት። ለውጡ በአንድ ቀን ታየ፣ ሳጥኑ ሁሉ ጸዳ።

ከዚያ ሰርቨሩን የምንከራይበት ድርጅት ማሽኑን ወደ ሌላ ኔትወርክ አዛወረው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ማንም ቢልክ ይመለሳል። ትልልቆቹ የኢሜይል አቅራቢዎች ሳይቀሩ፣ ለዓመታት የምንጻጻፋቸው ደንበኞችም ጭምር። ሎጉ ላይ የሁሉም አንድ ነው፦ 554 5.7.1፣ የላኪው አይፒ በዚን ታግዷል ይላል። የተመለሱትን አይፒዎች እየለቀምኩ በስፓምሃውስ ድረ ገጽ ስፈትሽ ግን አንዳቸውም አልተመዘገቡም።

ለጊዜው መስመሩን አውጥቼዋለሁ፤ ስፓሙም ወዲያው ተመለሰ። ምን ነክቶት ነው? ደግሞስ ይህን ነገር አምኖ ደብዳቤ ማስመለስ ተገቢ ነው ትላላችሁ?

ጋሽ_ሊኑክስ

ሰላም እህቴ። መስመሩን ማውጣትሽ ደግ አድርገሻል፤ ደብዳቤ ከሚቀር ስፓም ቢገባ ይሻላል። አሁን ሁለት ነገር አምጪልን። አንደኛ፣ የሎጉን መስመር እስከ ጫፉ ድረስ ገልብጪው። ብዙ ሰው «ታግዷል» የሚለው ላይ ሲደርስ ማንበቡን ያቆማል፣ ምክንያቱ ግን የሚጻፈው ከእሱ ቀጥሎ ነው። ሁለተኛ፣ እዚያው ሰርቨሩ ላይ ገብተሽ እንጂ ከላፕቶፕሽ ሳይሆን፣ 2.0.0.127ን ከዚን ዶሜን ፊት አስቀምጠሽ በዲግ (በዲኤንኤስ መጠየቂያው ትእዛዝ) ጠይቂና የሚመጣውን ለጥፊልን።

ፋና_ሜይል

እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። የሎጉ ጫፍ ላይ «ኤረር፦ ኦፕን ሪዞልቨር» ይልና ሊንክ ይከተላል። ዲግ ከሰርቨሩ የመለሰልኝ 127.255.255.254 ብቻ ነው። ሌላ ቦታ ካለ ማሽን ስጠይቅ ግን 127.0.0.2፣ 127.0.0.4 እና 127.0.0.10 ሦስቱም ይመጣሉ።

ጋሽ_ሊኑክስ

እንግዲህ ተገኘ። ሪዞልቨር ማለት የዲኤንኤስ ጥያቄሽን ተቀብሎ መልሱን የሚያመጣልሽ ነው። ዝርዝሩ ደንበኞችሽን አላገደም። ለሰርቨርሽ «በዚህ በኩል ስትጠይቅ አልመልስልህም» ነው ያለው፤ ፖስትፊክስ ደግሞ ያንን መልስ «ላኪው ተመዝግቧል» አድርጎ ወሰደው።

ሌላም አንባቢ ይጠቀምበት፣ አሠራሩን ከሥሩ ልናገር። አንድ ማሽን ደብዳቤ የምንቀበልበትን ፖርት 25ን ሲያንኳኳ ሊዋሸን የማይችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ የመጣበት አይፒ። የላኪው ስም፣ ዶሜኑ፣ ሰላምታው ሁሉ የፈለገውን መሆን ይችላል። ስለዚህ ፖስትፊክስ አይፒውን ይዞ፣ ለምሳሌ 192.0.2.15 ከሆነ ገልብጦ 15.2.0.192 ያደርገውና ከኋላው የዝርዝሩን ዶሜን ቀጥሎ እንደማንኛውም የዲኤንኤስ ስም ኤ ሬከርድ (ለስሙ የተመዘገበውን አይፒ) ይጠይቃል። «እንዲህ ያለ ስም የለም» ከተባለ አይፒው አልተመዘገበም። ከተመዘገበ በ127 የሚጀምር አድራሻ ይመጣል፣ የመጨረሻው ቁጥርም ለምን እንደተመዘገበ ይናገራል። ዚን ውስጥ 2 ኤስቢኤል ነው፣ የታወቁ ስፓም ላኪዎች። 3 ሲኤስኤስ ነው፣ በአውቶማቲክ የተለዩ መጥፎ ስም ያላቸው ላኪዎች። ከ4 ጀምሮ እስከ 7 ኤክስቢኤል፣ የተጠለፉና ማልዌር የገባባቸው ማሽኖች። 10 እና 11 ፒቢኤል ናቸው፤ እነዚህ ጥፋት የተገኘባቸው ሳይሆኑ፣ እንደ ቤት ኢንተርኔት ያሉ፣ በቀጥታ ወደ ሰው ሜይል ሰርቨር መላክ የማይገባቸው አድራሻዎች ናቸው።

2.0.0.127ን ያስጠየቅሁሽ ለዚህ ነው። 127.0.0.2 ለሙከራ ሲባል ሁልጊዜ ተመዝግቦ የሚቀመጥ አድራሻ ነው፣ 127.0.0.1 ደግሞ ፈጽሞ መመዝገብ የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው አርኤፍሲ 5782 የተባለው የኢንተርኔት አሠራር ሰነድ ይህንን ደንግጎታል።

በ127.255.255 የሚጀምረው ግን ስለ ላኪው ምንም አይናገርም፣ ስለ ጠያቂው ነው። መጨረሻው 252 ከሆነ የዞኑ ስም ተሳስቶ ተጽፏል። 254 ከሆነ ለሁሉም ክፍት በሆነ ሪዞልቨር በኩል መጥተሻል። 255 ከሆነ ጥያቄሽ ከልክ በላይ በዝቷል። አከራያችሁ ማሽኑን ሲያዛውር የሪዞልቨሩን ቅንብር ለሁሉም ክፍት ወደሆኑት የጉግልና የክላውድፍሌር ሪዞልቨሮች፣ 8.8.8.8 ወይም 1.1.1.1፣ ቀይሮት መሆን አለበት፣ እዩት።

መፍትሔው ሁለት ነው፣ አንዱን ብቻ አድርገሽ እንዳትተዪው።

የመጀመሪያው፣ እዚያው ሰርቨር ላይ የራስሽን ሪዞልቨር አቁሚ። አንባውንድ የሚባለው ፕሮግራም ቀላል ነው። 127.0.0.1 ላይ ብቻ ያዳምጥ፣ ጥያቄውንም ወደ ሌላ ሪዞልቨር አያስተላልፍ፣ ከዲኤንኤስ ሥር ሰርቨሮች ጀምሮ ራሱ ይጠይቅ። ወደ 8.8.8.8 የሚያስተላልፍ አንባውንድ ተክለሽ ከሆነ ምንም የተለወጠ ነገር የለም።

ሁለተኛው፣ ለፖስትፊክስ የትኛውን መልስ እንደሚቀበል ንገሪው። ከዞኑ ስም ቀጥሎ የእኩል ምልክት አድርገሽ 127.0.0.[2..11] ጻፊ። ይህ ገደብ ከሌለ ፖስትፊክስ የመጣው ኤ ሬከርድ ምንም ይሁን ምን ታግዷል ብሎ ይመልሳል። አንቺ ጋ የሆነውም ይኸው ነው።

ቀንዲል

ጋሽ ሊኑክስ ባሉት ላይ አንዲት ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው ስለሚንገላታባት። ዴቢያን ላይ ፖስትፊክስ የሚሠራው ራሱን በራሱ ፎልደር ውስጥ ዘግቶ ነው፣ የሪዞልቨር ፋይሉንም የሚያነበው ከዚያ ውስጥ ካለው ቅጂ ነው። ዋናውን ፋይል ለውጠሽ ዲግ ትክክለኛ መልስ እየሰጠሽ ፖስትፊክስ ግን በአሮጌው ቅጂ መሥራቱን ሊቀጥል ይችላል። አንባውንድን ካቆምሽ በኋላ ፖስትፊክስን ሪስታርት አድርጊው፣ ቅጂው ያኔ ይታደሳል። ከዚያ ሁለቱን ፋይሎች ጎን ለጎን አወዳድሪ።

ዲኤችሲፒም (የኔትወርክ ቅንብርን በራሱ የሚሰጠው) ዋናውን ፋይል መልሶ እንዳይጽፈው ጠብቂ።

አዲስ_ገቢ

ይቅርታ፣ ለመማር ነው የምጠይቀው። ክፍት ሪዞልቨር ምን አጠፋ? መረጃው ያው መረጃ አይደለም እንዴ?

ቀንዲል

ጥያቄህ ጥሩ ነው። መረጃው አንድ ነው፤ የሚለየው ዝርዝሩን የሚያስተዳድሩት የሚያዩት ነገር ነው። ስፓምሃውስ በነጻ የሚፈቅደው አነስተኛ ቁጥር ላለውና ለንግድ ላልሆነ አጠቃቀም ነው። አንተ በራስህ ሪዞልቨር ስትጠይቅ ማን እንደሆንክና ስንት ጊዜ እንደጠየቅህ ይታያል። በክፍት ሪዞልቨር በኩል ስትመጣ ግን አንተም፣ በቀን ሚሊዮን ደብዳቤ የሚቀበል ድርጅትም በአንድ አድራሻ ተጠቅልላችሁ ነው የምትታዩት። ስለዚህ ሁሉንም ይዘጉታል። የራሱን ሪዞልቨር ማቆም የማይችል ሰው ተመዝግቦ የግል ቁልፍ ይወስዳል፣ ቁልፉ የዞኑ ስም ውስጥ ስለሚገባ በየትም በኩል ቢጠይቅ ይታወቃል። ባራኩዳ የሚባለው ሌላ ዝርዝርም በበኩሉ የምትጠይቅበትን አይፒ አስቀድመህ እንድታስመዘግብ ይፈልጋል።

ዮድ

ቴክኒኩ ተፈቷል፣ ደስ ይላል። እኔ ግን ፋና መጨረሻ ላይ የጠየቀችው ላይ ልቆም። አምኖ ማስመለስ ተገቢ ነው ወይ?

እኔ የምሠራው ለትንንሽ ድርጅቶች ነው። ለእነሱ አንድ የቀረ የሥራ ትእዛዝ ከመቶ ስፓም የባሰ ነው። አንድ ደንበኛ የሚጠቀምበት የኢሜይል አቅራቢ ሺህ ሰዎችን በአንድ አይፒ ያስልካል። ከመካከላቸው አንዱ ሲጠለፍና ስፓም ሲረጭ አይፒው ይመዘገባል፣ ንጹሑ ደንበኛም አብሮ ይመታል። ዝርዝሩ ዋሸ ማለት አይደለም፣ ከዚያ አይፒ በእርግጥ ስፓም ወጥቷል። ግን እኔ የምፈልገው ደብዳቤ በዚያው በኩል ነው የሚመጣው። ስለዚህ እኔ ምንም አላስመልስም፣ ሁሉን ተቀብዬ ወደ ስፓም ፎልደር ነው የምጥለው።

ጋሽ_ሊኑክስ

ዮድ፣ ስጋትህን እጋራዋለሁ፣ መድኃኒቱ ላይ ግን አልስማማም። እስቲ ላኪው ጋ ሆነህ አስበው። ሰርቨርህ በር ላይ 554 ብሎ ሲመልሰው የላኪው ሰርቨር ለራሱ ለሰውየው «ደብዳቤህ አልደረሰም፣ ምክንያቱም ይህ ነው» ብሎ ይጽፍለታል። ሰውየው ስልክ ይደውላል፣ በሌላ አድራሻ ይልካል። ወደ ስፓም ፎልደር ስትጥለው ግን ላኪው ደርሷል ብሎ ይጠብቃል፣ ተቀባዩም ፎልደሩን አይከፍትም። ከሁለቱ የከፋው ደብዳቤ የቀረበት መንገድ ይህ ሁለተኛው ነው፣ ማንም ሳያውቅ ነው የሚቀረው።

ከሁሉም የሚብሰው ደግሞ ተቀብሎ ካበቃ በኋላ መመለስ ነው። የስፓም ላኪ አድራሻ የተሰረቀ ነውና መልሱ የሚሄደው ምንም ለማያውቅ ሰው ነው። ያንን የሚያደርግ ሰርቨር ራሱ ዝርዝር ውስጥ ይገባል።

ንጹሕ_ሳጥን

ሁለታችሁም የያዛችሁት እውነት አለ፣ መካከለኛው መንገድ ግን ሥራ ላይ ያለ ነገር ነው። ነጥብ መስጠት።

ፖስትፊክስ ከ2.8 ጀምሮ ፖስትስክሪን የሚባል ክፍል አለው፣ ከዋናው ፕሮሰስ ቀድሞ በር ላይ የሚቆም። ብዙ ዝርዝሮችን በአንድ ጊዜ ይጠይቅና ለእያንዳንዱ የሰጠኸውን ክብደት ይደምራል። እኔ ጋ የማስመለሻው ገደብ 3 ነው። ዚን ብቻውን 3 ይይዛል፣ ምክንያቱም በተግባር ያየሁት አስተማማኝነቱ ነው። ስፓምኮፕ የሚባለው ዝርዝር 2 ነው፣ ባራኩዳም 2። እነዚህ ብቻቸውን ማንንም አያስመልሱም፣ ሁለቱ ከተስማሙ ግን 4 ይሆንና ይመለሳል። በተቃራኒው ዲኤንኤስደብሊውኤል የሚባለው የመልካም ላኪዎች ዝርዝር አለ፣ እሱን በሚቀንስ ነጥብ አስገብቼዋለሁ። ዮድ ያነሳው በጋራ አይፒ የሚላክ ደብዳቤ በአብዛኛው የሚድነው በዚህ ነው፤ ስፓምኮፕ ቢመዘግበው እንኳ ሌላው ካልደገመው ያልፋል።

በር ላይ ከተመለሱት የተረፉትን ደግሞ አርስፓምዲ ይዘታቸውን ያያል። እዚያ የሚጠየቁት ዝርዝሮች ሌላ ዓይነት ናቸው፣ በደብዳቤው ውስጥ ያሉትን ሊንኮች የሚፈትሹ። ኤስዩአርቢኤል፣ ዩአርአይቢኤል፣ የስፓምሃውስ ዲቢኤል። ላኪው አይፒውን በየሰዓቱ ሊቀያይር ይችላል፣ ሰውን ጠቅ እንዲያደርግ የሚጋብዝበትን ዶሜን ግን እንደዚያ በቀላሉ አይቀይርም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ዲቢኤል የዶሜን ዝርዝር ስለሆነ አይፒ አትጠይቁት። ከጠየቃችሁት 127.0.1.255 ይመልሳል፣ ትርጉሙ «ይህ የአይፒ ዝርዝር አይደለም» ነው። ያለ ገደብ ያስገባው ሰው እንደ ፋና ሁሉን ያስመልሳል።

ፋና_ሜይል

ንጹሕ ሳጥን፣ ይህ ልቤ ውስጥ ገብቷል። ግን ፖስትስክሪንን ሳበራ የሆነ ነገር ቢያመልጠኝ እንደገና ደብዳቤ መመለሱ ያስፈራኛል። ሳያስመልስ መሞከሪያ አለው?

ንጹሕ_ሳጥን

አለው። የፖስትስክሪን የዝርዝር እርምጃ ሳይነካ ሲቀር «ኢግኖር» ነው፣ ነጥቡን ደምሮ ሎግ ላይ ይጽፋል እንጂ አያስመልስም። እንዲያ አድርገሽ ጥቂት ቀን ተዪው። ከዚያ ሎጉን አውጥተሽ ገደቡን ያለፉት እነማን እንደሆኑ ተመልከቺ። የምታውቂው ላኪ ካለበት የዚያን ዝርዝር ክብደት ቀንሺ። ስትረኪ ብቻ ወደ «ኢንፎርስ» ቀይሪው። «ድሮፕ»ንም ታገኛለሽ፣ እኔ ግን ኢንፎርስን እመርጣለሁ። ድሮፕ ወዲያው ይቆርጣል። ኢንፎርስ ግን ላኪውና ተቀባዩ እስኪነገሩ ይጠብቅና ነው የሚመልሰው፣ ስለዚህ ሎግሽ ላይ «የማን ደብዳቤ ለማን ሲላክ ተመለሰ» የሚለውን ታገኛለሽ። ሠራተኛ መጥቶ «ደብዳቤ እየጠበቅሁ ነበር» ሲልሽ የምትመልሺለት ነገር ይኖርሻል።

በዋናው የፖስትፊክስ ማጣሪያም ተመሳሳይ ነገር አለ፣ ከደንቡ ፊት «ዋርን ኢፍ ሪጀክት» ከተጻፈ ያስጠነቅቃል እንጂ አይመልስም።

ጋሽ_ሊኑክስ

ከዚሁ ጋር ቅደም ተከተሉን እዩት፣ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይህ ነው። የዝርዝሩ ደንብ የራሳችሁን ኔትወርክና በይለፍ ቃል የገቡ ተጠቃሚዎችን ከሚፈቅዱት ደንቦች በታች ይሁን። አንድ ሠራተኛ ከቤቱ ሲልክ የቤቱ አይፒ ፒቢኤል ላይ መኖሩ አይቀርም፣ መኖርም አለበት። ደንቡ ከላይ ከሆነ የራሳችሁን ሰው ትመልሳላችሁ። ሠራተኛ ሁሉ በ587 ወይም በ465 ይላክ፤ ፖርት 25 ለሰርቨሮች ብቻ ይቅር። ፖስትስክሪንም መቆም ያለበት ፖርት 25 ላይ ብቻ ነው።

ተጠባባቂ ሜይል ሰርቨር ካላችሁ እሱም ተመሳሳይ ማጣሪያ ይኑረው። ስፓም ላኪዎች ሆን ብለው ተጠባባቂውን ያንኳኳሉ። እሱ ተቀብሎ ወደ ዋናው ሲያስተላልፈው ዋናው የሚያየው የተጠባባቂውን ንጹሕ አይፒ ነው፣ ዝርዝሩ የሚመልሰው አይኖርም።

ዮድ

ነጥብ የመስጠቱን ነገር እቀበላለሁ፣ በተለይ ኢግኖር ላይ አድርጎ ማየቱን። እሞክረዋለሁ።

ግን አንድ ነገር በግልጽ ይነገር። ኢንተርኔት ላይ «ሃምሳ ብሎክሊስት የያዘ ዝግጁ ኮንፊግ» እያሉ የሚያዞሩትን የምትገለብጡ ሰዎች እባካችሁ ተዉ። በዚያ ውስጥ ያሉት ግማሾቹ የሞቱ ናቸው፣ የሞተ ዝርዝር ደግሞ ዝም ብሎ አይሞትም። ኦአርዲቢ የሚባለው ዝርዝር እ.ኤ.አ. በ2006 መጨረሻ ሥራ አቆመ፤ ሰዎች ግን ከኮንፊጋቸው ሳያወጡት ቆዩ። እ.ኤ.አ. በ2008 መጋቢት ላይ ለሚጠየቀው አይፒ ሁሉ «ተመዝግቧል» ብሎ መመለስ ጀመረ። ያልነቁት ሁሉ ደብዳቤያቸው ቆመ። ሶርብስ የሚባለውም እ.ኤ.አ. በ2024 ሰኔ ተዘግቷል፣ ስሙ ግን አሁንም በየኮንፊጉ አለ።

በሕይወት ያለ ዝርዝር እንኳ ሊያስቸግር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2021 ጥር መጨረሻ የስፓምኮፕ ዶሜን ሳይታደስ ጊዜው አለፈ። ከዶሜኑ ሥር ያለ ስም ሁሉ ወደ አንድ የማቆያ ገጽ አይፒ ማመልከት ጀመረ። መልሱ 127.0.0.2 አልነበረም፣ ግን መልስ ነበር። ገደብ ያላደረጉ ሰርቨሮች የዓለምን ኢሜይል በሙሉ እንደ ስፓም መለሱ። 127.0.0.2 ብቻ ተቀበል ያሉት ግን ምንም አልደረሰባቸውም። ጋሽ ሊኑክስ «ሁለተኛው መፍትሔ» ያሉትን እኔ አንደኛ ነበር የማደርገው።

ቀንዲል

ዮድ እጅህ ይባረክ። ለዚህ ነው እያንዳንዱ ዝርዝር ከመግባቱ በፊት መመዝገቢያና መሰረዣ ደንቡ መነበብ ያለበት። አንዳንዱ አንድ አይፒ ብቻ ነው የሚመዘግበው። አንዳንዱ ጎረቤቱን ሁሉ ይጨምራል። ዩሲኢፕሮቴክት ለምሳሌ ሦስት ደረጃ አለው፤ አንደኛው ነጠላ አይፒ ነው፣ ሦስተኛው ግን የአንድን አቅራቢ ኔትወርክ በሙሉ ይመዘግባል። ያንን ደረጃ ለማስመለሻ መጠቀም ምንም ያላደረገ ሰው በአቅራቢው ምክንያት መቅጣት ነው፣ እኔ አላደርገውም። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው አርኤፍሲ 6471 ስለ ዝርዝር አስተዳዳሪዎች ሥነ ምግባር በደንብ ይናገራል፣ ለመሰረዝ ገንዘብ መጠየቅንም ይነቅፋል። ዝርዝር ለመምረጥ ጥሩ መመዘኛ ነው።

አዲስ_ገቢ

የራሴ አይፒ ቢመዘገብስ?

ንጹሕ_ሳጥን

መጀመሪያ የሚላከውን ስፓም አስቁም፣ ከዚያ ነው መሰረዝ የሚጠየቀው። የወረፋህን ብዛት እይ፣ የተጠለፈ የይለፍ ቃል ወይም የዌብሳይት ፎርም ፈልግ። ምክንያቱ ሳይጠፋ ቢሰረዝልህ ያው ተመልሶ ይመዘገባል። ስፓምኮፕ ሪፖርት ከቆመ በ24 ሰዓት ውስጥ በራሱ ይሰርዝሃል። ኤክስቢኤልና ሲኤስኤስ በስፓምሃውስ መፈተሻ ገጽ በራስህ ትጠይቃለህ፣ ገንዘብ አይጠየቅበትም። ኤስቢኤልን ግን የሚያሰርዘው አይፒውን የሰጠህ አቅራቢ ነው።

ፋና_ሜይል

ወገኖቼ፣ ሪፖርት ይዤ መጣሁ። አንባውንድ ቆሟል፣ ዲግ አሁን ሦስቱንም መልስ ይሰጠኛል። ቀንዲል ያለው ነገር በትክክል ነበረ፤ ፖስትፊክስ ፎልደር ውስጥ ያለው ቅጂ አሁንም 8.8.8.8 ይል ነበር፣ ሪስታርት ሳደርገው ተስተካከለ። ዚን በገደብ ገብቷል። ፖስትስክሪን ደግሞ በኢግኖር ላይ ሆኖ እያየሁት ነው። ሎጉ ላይ ደስ ያለኝ፣ አንዳንዶቹ ማሽኖች ሰርቨሩ ሰላም ሳይላቸው ቀድመው ማውራት ሲጀምሩ ሎጉ ለብቻው ይመዘግባቸዋል፣ ከእነሱም አብዛኞቹ ዚን ላይ ያሉ ናቸው።

ሁለት ጥያቄ ቀርቶኛል። አይፒቪ6 ላይ እንዴት ነው? ደግሞ አንድ የምናውቀው አጋር ድርጅት ገደቡን አልፎ አየሁት። ክብደቱን ልቀንስ ወይስ ለእሱ ብቻ ልፍቀድለት?

ቀንዲል

አይፒቪ6 ላይ አሠራሩ ያው ነው፣ አድራሻው ግን በሄክስ 32 አሃዝ ሆኖ በነጥብ ተለያይቶ ይገለበጣል። ችግሩ ብዛቱ ነው። አንድ ተራ ደንበኛ ስላሽ 64 (አንድ ሰፊ የአድራሻ ክልል) ሲሰጠው ለእያንዳንዱ ደብዳቤ አዲስ አድራሻ ቢጠቀም እንኳ አያልቅበትም። ስለዚህ ዝርዝሮች ነጠላ አድራሻን ሳይሆን ስላሽ 64ን በአንድነት ይመዘግባሉ። ዚን ይህንን ይይዛል፣ አንቺ የምትጨምሪው የለም። ብዙ ሌሎች ዝርዝሮች ግን አይፒቪ4 ብቻ ናቸው፣ ለአይፒቪ6 ላኪ ሁልጊዜ «የለም» ይላሉ፣ ስለዚህ እዚያ ላይ በዶሜን ዝርዝሮችና በይዘት ማጣሪያሽ የበለጠ ትደገፊያለሽ።

ጋሽ_ሊኑክስ

ለአጋሩ ብቻ ፍቀጂለት። ለአንድ ላኪ ብለሽ ክብደት ከቀነስሽ ለሁሉም ስፓም ላኪ ነው የቀነስሽው። በፖስትስክሪን የመፍቀጃ ሠንጠረዥ ላይ አይፒውን ጻፊ፣ ከጎኑም ለምን እንደተፈቀደና መቼ እንደሆነ አስተያየት አድርጊበት፣ ከአንቺ በኋላ የሚመጣው ሰው እንዲያውቀው። በዶሜን ስም ግን አትፍቀጂ፣ ስም ማንም ይጽፈዋል። በተጨማሪም ለእነሱ የሰርቨር አስተዳዳሪ አንድ ደብዳቤ ጻፊለት፦ የትኛው ዝርዝር ላይ እንዳሉ፣ ከመቼ ጀምሮ እንዳየሽ፣ ከሎግሽም አንድ መስመር። ምናልባት የተጠለፈ ማሽን አላቸው፣ እስካሁንም የነገራቸው ሰው ላይኖር ይችላል።

ፋና_ሜይል

ዛሬውኑ እጽፍላቸዋለሁ ጋሼ። የሎጉን መስመር አውጥቻለሁ፣ ኮዱ 127.0.0.4 ነው፣ ኤክስቢኤል።